ጨው የነበረበት ሲኒ

ቡና በጨው የሚጠጣበት ቤት ዛሬም አልጠፋም። በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠሮች እንግዳ ሲመጣ ጨው ጣል የተደረገበት ቡና ይቀዳል፤ ቤቱ ሞላ ያለ ከሆነ ቅቤ ጠብ ይደረግበታል፤ ጤና አዳም ይነከርበታል። ከከተማ የሄደው የልጅ ልጅ አንዴ ፉት ብሎ ፊቱን ያጨማድድና ስኳር ይጠይቃል። አያቱና የአያቱ እናት ግን ዕድሜ ልካቸውን ሲጠጡ የኖሩት ያለ ስኳር ነው። ነጩ ስኳር የኢትዮጵያን ሲኒ የወረሰው ቢበዛ በሦስት ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ነው።

አወራረሱ ሲመረመር ነገሩ የአፍ አመል ብቻ ሆኖ አይገኝም። የባቡር ሐዲድ፣ የሆላንድ ኩባንያ፣ የቀበሌ ሱቅና የጾም ሥርዓት ሁሉ እጃቸውን አስገብተውበታል። ስለ ስኳር ሕመምና ስለ ውፍረት ሲወራ "ሰው አፉን መቆጣጠር አቃተው" ተብሎ ሲዘጋ ይህ ሁሉ ይዘለላል።

ጨው ዱሮ ተራ ነገር አልነበረም። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር፣ ከዳሎል አካባቢ፣ በጠፍጣፋ ቅርጽ እየተጠረበ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው ይወጣ የነበረው አሞሌ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል። አሞሌው ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወደድ ስለነበር፣ ምዕራብ ጫፍ ላይ ቡናዋ ውስጥ ጨው የምትጨምር ባልቴት መቀነቷ ውስጥ ካለው ሀብት ቆርሳ ነበር የምታቀርበው። በኦሮሞ ዘንድ "ቡና ቀላ" የሚባለው ደግሞ ቡናን ከመጠጣት ይልቅ መብላት ነው፤ ፍሬው ከነገለፈቱ በቅቤ ይጠበሳል፣ ጨው ይደረግበታል፣ በእንግዳና በምርቃት ሰዓት ይቀርባል። ቡና ከቅቤና ከጨው ጋር ምግብ ነበር ማለት ነው።

በሰሜኑ ክርስቲያን ደጋ ደግሞ ቡና ራሱ ዘግይቶ የገባ ነው። ለረጅም ዘመን እንደ ጫት ሁሉ "የእስላም ነው" ተብሎ ይራቅ ነበር። ነገሩ የተለወጠው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው፤ ምኒልክ ራሳቸው መጠጣታቸውና አቡነ ማቴዎስ የካህናቱን ጥርጣሬ ማለዘባቸው ለዚህ ትልቅ ድርሻ እንደነበረው የታሪክ ጸሐፊዎች ያነሳሉ።

ጣፋጭ ነገር ከተባለ ማር ነበር። ማርም ደረጃ ነበረው። የማር ግብር ከየአውራጃው እየተሰበሰበ ወደ ገዥው ጎተራ ይገባል፤ ከዚያ ጠጅ ይጣላል፤ ጠጁ በብርሌ ሆኖ ለመኳንንቱና ለሹማምንቱ ይቀርባል። የተራው ሰው መጠጥ ጠላ ነው። ልጅ በዓመት ጥቂት ቀን፣ ቀፎ ሲቆረጥ፣ ጣቱን ይልሳል፤ ቆላ ቀመስ አካባቢ የሚኖር ከሆነ ደግሞ ሸንኮራ አገዳ በጥርሱ ልጦ ያኝካል። አገዳ ማኘክ ሥራ ነው፤ መንጋጋ ይደክማል፣ ጭማቂው በትንሽ በትንሹ ነው የሚገኘው። ያንኑ አገዳ በፋብሪካ ጨምቆ፣ አንጥሮና አድርቆ በማንኪያ የሚዛቅ ማድረግ የቻለ ሰው ይህን ድካም ሁሉ ከመሀል አወጣው።

ይህ ማለት ግን የስኳር ሕመም ከፋብሪካው ጋር መጣ ማለት አይደለም። ንግሥት ዘውዲቱ መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ የቀድሞ ባለቤታቸው ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ ከተገደሉ ገና ሁለት ቀን ብቻ አልፎ ስለነበር ወሬው ብዙ ሆነ። ሐዘን ገደላቸው ያለ አለ፣ መርዝ ነው ያለ አለ፣ በዐቢይ ጾም ታመው ሳለ ቀዝቃዛ ጠበል ተነክረው ነው ያለም አለ። በታሪክ መጻሕፍት ደጋግሞ የሚነሳው ግን የስኳር ሕመም እንደነበረባቸውና በመጨረሻም ተስቦ እንደደረበባቸው ነው። ኢንሱሊን ካናዳ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ከተሰጠ ያኔ ገና ስምንት ዓመቱ ነበር። ሕመሙ በቤተ መንግሥት ሲታይ ኋላ የስኳር ፋብሪካ በተተከለበት ወንጂ ላይ አንድም የፋብሪካ ጭስ አልነበረም፤ ይህን መያዝ ኋላ ላይ ለሚመጣው ነገር ይጠቅማል።

የባቡር ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲደርስ ከጅቡቲ የሚመጣው ዕቃ በብዛትም በዓይነትም ጨመረ። ስኳር ከአቡጀዲውና ከላምባው ጋር ወደ መሀል አገር ገባ፤ ከእርሱ ጋር ሻይም መጣ። ሻይ ከቡና የሚለየው ኢትዮጵያ ውስጥ የጨው ዘመን የሚባል ነገር ሳይኖረው ከስኳር ጋር ተጣምሮ መግባቱ ነው። በየሠፈሩ ማዕዘን የተከፈቱት የየመኖች ሱቆች ስኳሩን እንደየሰው አቅም በወረቀት ጠቅልለው ይሸጡ ነበር። ሩብ ኪሎ መግዛት ያልቻለ የአንድ ቀን ሻይ የሚያጣፍጥበትን ይገዛል። ከዚያ የኢጣሊያ አምስት ዓመት መጣ፤ ጣሊያኑ ሲወጣ ማኪያቶውና የኬክ ቤቱ ልማድ ቀረ። ቢሆንም እስከዚያ ድረስ ስኳር የከተማ፣ ያውም የባለ ደመወዝ ነገር ነበር።

ወንጂ ይህን ለወጠው።

ኤች.ቪ.ኤ. በ1879 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ውስጥ የተቋቋመ የንግድ ኩባንያ ነው፤ ሀብቱን ያካበተው በዛሬዋ ኢንዶኔዢያ በነበሩት ሰፋፊ እርሻዎች ነበር። ኢንዶኔዢያ ነጻ ስትወጣ ኩባንያው ዓይኑን ወደ ሌላ ምድር ጣለ። የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት በበኩሉ ለስኳር የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ማዳን ይፈልግ ነበር። በ1943 ዓ.ም. ውል ተፈረመ፤ ከአዳማ ደቡብ፣ አዋሽ ወንዝ ዳር፣ ወንጂ ላይ ያለ 5,000 ሄክታር መሬት ለኩባንያው ተሰጠ። ቦታው የክረምቱ ጎርፍ የሚተኛበት፣ ወባ የሚያምሰው ነበር። ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ፣ በ1946 ዓ.ም.፣ ፋብሪካው ስኳር ማምረት ጀመረ። ከስምንት ዓመት ገደማ በኋላ እዚያው አጠገብ ሸዋ የተባለው ሁለተኛ ፋብሪካ ተተከለ፤ በ1962 ዓ.ም. መተሐራ ተከተለ።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። አገዳው ከመቆረጡ በፊት እሳት ይለቀቅበታል፤ ቅጠሉ ይነዳል፣ እባብና አይጥ ይሸሻል፣ ማታ ማታ የአካባቢው ሰማይ ይቀላል። ጠዋት ቆራጮች ገጀራቸውን ይዘው ይገባሉ፤ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ የመጡ ነበሩ አብዛኞቹ፣ ማታ ሲመለሱ ከጥቀርሻው የተነሳ የሚታየው ዓይናቸውና ጥርሳቸው ብቻ ነው። አገዳው ይጨመቃል፤ ጭማቂው በኖራ ይጠራል፣ ይፈላል፣ ወፍሮ ፍሬ ሲያበጅ በኃይል በሚሽከረከር ማሽን ይነጠራል። ወደ አሥር ቶን አገዳ አንድ ቶን ስኳር ይወጣዋል። ገለባው ለማሞቂያው ማገዶ ይሆናል፤ ጥቁሩ ሞላሰስ አልኮል ፋብሪካ ሄዶ ጂንና ኡዞ ሆኖ ይመለሳል። ምንም የሚጣል የለም፤ የሆላንዶቹ ሒሳብ የሚደነቅ ነበር።

ሒሳቡ ውስጥ ያልገቡም ነበሩ። መተሐራ ላይ አገዳው የተተከለው የከረዩ ኦሮሞ ከብቶቹን የሚያሰማራበትና ወንዝ የሚያወርድበት መሬት ላይ ነው። ከረዩ ወተት ጠጥቶ የሚያድር ሕዝብ ነው። በድርቅ ጊዜ ይሸሽበት የነበረው የአዋሽ ዳር ሣር ሲታጠር ከብቱ ሳሳ፤ ወተቱ አነሰ፤ እህል መግዛት ግድ ሆነ። ስለ ስኳርና ጤና ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነሳው በላተኛው ነው፤ በስኳሩ ምክንያት ወተቱን ያጣው ሰው አይነሳም።

ወንጂ ላይ ደግሞ ሌላ መዘዝ ከመጠጥ ውሃው መጣ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ፍሎራይድ በጥቂቱ ጥርስን ሲጠብቅ፣ ሲበዛ ያበላሸዋል። እዚያው ተወልደው ያደጉ ልጆች ጥርስ ቡኒና የተቦረቦረ ሆነ። ለብዙ ዓመት የጉድጓዱን ውሃ የጠጡ ሠራተኞች ጀርባቸው እየደረቀ፣ አንገታቸው አልዞር እያለ መጣ፤ አንዳንዶቹ ጎብጠው ቀሩ። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ጉዳት በስምጥ ሸለቆው ሁሉ አጥንተው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ለዓለም የሕክምና መጽሔት አቀረቡ። በእርሻው ፍሎራይድ የሚቀንሱ ማጣሪያዎች ተተክለው ነበር፤ ለሁሉም ሠፈር ግን በአንድ ጊዜ አልደረሱም። አገሩ ሁሉ ጥርሱን በስኳር ሳያበላሽ በፊት የስኳሩ ሠራተኛ ልጅ ጥርሱን በውሃ አጣ።

ጥር 1967 ዓ.ም. ደርግ ፋብሪካዎቹን ወረሰ። ከዚያ በኋላ ያለው የስኳር ታሪክ የወረፋ ታሪክ ነው። ስኳር በቀበሌ ኅብረት ሱቅ፣ በቤተሰብ ቁጥር ተመዝኖ ይሰጥ ጀመር። ዘመኑ ተለውጦ ገበያው ሲከፈትም ወረፋው ሙሉ በሙሉ አልቀረም፤ ሸማቾች ማኅበር ደጃፍ ላይ ኩፖን ይዞ መሰለፍ ለአዲስ አበባ ሰው የ2000ዎቹም ትዝታ ነው። ፊንጫ በ1991 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም ፍላጎቱ ቀድሞ ሄዷል። በ2003 ዓ.ም. የጀመረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በአምስት ዓመት ውስጥ የስኳር ምርቱን 2.25 ሚሊዮን ቶን አደርሳለሁ፣ ከዚያም አልፌ ወደ ውጭ እልካለሁ አለ። ዓመቱ ሲደርስ ዕቅዱ ሩቅ ነበር፤ አገሪቱ ስኳር ከውጭ መግዛቷን ቀጠለች።

አንድ ነገር ሲጠፋ ይከበራል። ስኳርም ሲጠፋ ክብሩ ጨመረ። ለቅሶ ቤት ስኳርና ቡና ይዞ መሄድ ሥርዓት ሆነ፤ አራስ ስትጠየቅም እንዲሁ። እንግዳ ተቀምጦ ሲኒው ሲቀርብ የቤቱ እመቤት "ስንት ላድርግልህ?" ብላ ሳትጠይቅ ሁለት ሦስት ማንኪያ ትጨምራለች፤ ጥቂት ማድረግ ንፍገት ያስመስላል። እንግዳውም "ይበቃኛል" ማለት ያፍራል። በዚህ ላይ ጾሙ አለ። ቡናን በቅቤ የለመደ ክርስቲያን ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴው 55 ቀን፣ በፍልሰታና በነቢያት ጾም ቅቤውን መተው አለበት። ስኳር ግን ጾም አያውቅም፤ በፍስክም በጾምም ይገባል። በዓመት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ቀን ለሚጾም ሰው ይህ ቀላል ብልጫ አይደለም። ስኳር ቅቤን ከሲኒው ያስወጣው በዚህ በኩል ይመስላል፤ ዋጋው ደግሞ አግዞታል።

እስቲ የአንድ ማለዳ ቡና ይቆጠር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ሦስት ሲኒ። በእያንዳንዱ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቢደረግ ስድስት ማንኪያ፣ ወደ 25 ግራም ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በምግብና መጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ከቀኑ ጉልበት 10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ከ5 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል። 5 በመቶው ለአብዛኛው አዋቂ ያው ስድስት ማንኪያ ገደማ ነው። ሦስተኛው ሲኒ ሲነሳ የቀኑ ድርሻ አልቋል፤ ቁርስ ገና ነው። ከሰዓት በኋላ ሌላ ቡና አለ፤ ማታ ጎረቤት ይጠራል።

ቡናው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ወንጂ ሥራ ከጀመረ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1959 እ.ኤ.አ.፣ ኮካ ኮላ አዲስ አበባ ላይ መጠመቅ ጀመረ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ድሬዳዋም ፋብሪካ ነበረው። የለስላሳ መጠጥ በ100 ሚሊ ሊትር ወደ 10 ግራም ስኳር ይይዛል። የተለመደችው ጠርሙስ ከሰባት ማንኪያ በላይ ናት ማለት ነው። ማንም ሰው ሻይ ውስጥ ሰባት ማንኪያ ሲጨምር ቢታይ ቤተሰቡ ይደነግጣል፤ ቀዝቃዛና ጋዝ ያለበት ስለሆነ ግን ምላስ አይቆጥረውም። ሆድም ብዙ አይቆጥረውም፤ ፈሳሽ ስኳር እንደ እህል አያጠግብም፣ ከጠጡ በኋላም ሰው ምሳውን አይቀንስም። ሐኪሞች ስለ ውፍረትና ስለ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሕመም ሲናገሩ ከምግብ ሁሉ አስቀድመው ለስላሳን የሚጠሩት ለዚህ ነው። ኢትዮጵያዊ ለስላሳውን ከሌላም ጋር ያጋባል፤ ወይን በኮካ ሰርግ ቤት ብርቅ አይደለም። ጫት ቤትም እንዲሁ፣ የቅጠሉ ምሬት የሚመታው በለውዝ፣ በስኳር ሻይና በለስላሳ ነው። ታመህ ሆስፒታል ብትተኛ ጠያቂህ ፌስታል ውስጥ ይዞልህ የሚመጣውም ከዚህ አይርቅም።

አምቦ ውሃ ከነዚህ ሁሉ ቀድሞ፣ በ1930 እ.ኤ.አ.፣ በጠርሙስ መታሸግ የጀመረ ያገር መጠጥ ነው። ጋዝም አለው፣ ጠርሙስም አለው፣ ስኳር የለውም። ሆኖም ለልጅ ልደት አምቦ ውሃ ደርድሮ የጠራ ወላጅ ካለ ምስጋና አይጠብቅ።

ስኳሩ የቀድሞ ጌታውን ማርንም አልማረም። ጥሩ ማር ሲወደድ ጠጅ ቤቶች ማሩን ቀንሰው ስኳር ጨመሩ፤ ጌሾው ያው፣ ብርሌው ያው፣ ቀለሙም ተመሳስሎ ይቀርባል። የቆየ ጠጅ ጠጪ ጠዋት በሚይዘው ራስ ምታት ለየሁት ይላል። የመሳፍንቱ መጠጥ በፋብሪካ ስኳር ተጥሎ ለሁሉም ሲደርስ እኩልነት ነው ብሎ የሚከራከር ይኖራል፤ የቀማሹ ፍርድ ግን ሌላ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የአካል ሚዛኑስ? ኢትዮጵያ ውስጥ "ወፈርክ" የሚለው ቃል ለረጅም ዘመን ምርቃት ነበር። ረሃብን ያየ አገር ነው፤ "ተመችቶሃል" ማለት ከክፉ ቀን ወጥተሃል ማለት ነው፤ የከሳ ሰው "ምን ነካው?" ይባልበታል። የሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናቱ እንደሚያሳየው በ2000 እ.ኤ.አ. ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱት ሴቶች 30 በመቶው ከሚገባው በታች ቀጫጭን ነበሩ፤ ከመጠን በላይ ክብደት ወይም ውፍረት የነበራቸው 3 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. ቀጫጭኖቹ ወደ 22 በመቶ ሲወርዱ ወፋፍራሞቹ 8 በመቶ ሆኑ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ አገር ውስጥ፣ አንዳንዴም አንድ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ውፍረቱ የሚበዛው ከተማ ነው፤ ከተሜው በሚኒባስ ይሄዳል፣ ወንበር ላይ ይውላል፣ በየመንገዱ ቦምቦሊኖና ጨጨብሳ ያገኛል። ስኳር ብቻውን አላወፈረውም። የሚራመደው ሲቀንስ፣ ዘይቱና ነጭ ዱቄቱ ሲጨምር፣ ስኳሩ በላዩ መጣ።

ይህ ታሪክ በከፍተኛ ፍጥነት የታየበት ቦታ ግን ከኢትዮጵያ ውጭ ነው። በኅዳር 1977 ዓ.ም. በተጀመረው ዘመቻ ሙሴ ወደ 8,000 የሚጠጉ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ተወሰዱ። አብዛኞቹ ከጎንደርና ከአካባቢው ገጠር የመጡ ገበሬዎችና ባለ እጆች ነበሩ፤ ቀጫጭኖች፣ ብዙ የሚሄዱ፣ ጤፍና ሽሮ በላተኞች። አዲሱ አገር ውስጥ ጤፍ እንደልብ አይገኝም፤ እንጀራው በስንዴ ዱቄት ተጋገረ። እርሻ የለም፣ ውሃ መቅዳት የለም፣ እንጨት ለቀማ የለም። ጣፋጭ መጠጥ ርካሽ ነው፤ ዘመድ ሲመጣ ደግሞ ያው የአገር ቤት ወግ፣ ምንም ሳይጎድል ማቅረብ ነው።

ሐኪሞቹ ብዙም ሳይቆዩ ልብ አሉ። ዳያቤቲስ የተባለው የሕክምና መጽሔት በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በወጣት ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ዘንድ የስኳር ሕመም ከሚጠበቀው በላይ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ያመጡት ነገር ይበልጥ ያስገርማል፦ እነዚህ ሰዎች በሽታው የሚይዛቸው እንደ ሌላው እስራኤላዊ ሳይወፍሩ ነው። በመለኪያው "ደህና" የሚባል ክብደት ያለው ሰው ስኳሩ ከፍ ብሎ ይገኛል። ሐዴራ ያለው ሂሌል ያፌ ሆስፒታል ሐኪሞች በአማርኛ የሚያስተምር ፕሮግራም ያቋቋሙት ከዚህ የተነሳ ነው። ለታማሚው የሚሰጠው ምክር ከማኅበረሰቡ በወጡ ሰዎች አፍ እንዲነገር ተደረገ፤ ስለ ቡናውና ስለ እንጀራው መጠን የሚያወራው የቤቱን ወግ የሚያውቅ ሰው ነው።

ሳይወፍሩ መታመም ከየት መጣ? አንደኛው ማብራሪያ ከሆላንድ ነው የተገኘው፤ ከቀድሞዎቹ የወንጂ ባለቤቶች አገር። በ1944–45 እ.ኤ.አ. ክረምት ጀርመኖች ምዕራብ ሆላንድን ከበው በረሃብ ሲቀጧት በማኅፀን የነበሩ ልጆች፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሲመረመሩ ሰውነታቸው ስኳርን የማስተናገድ አቅሙ ከሌሎቹ የደከመ ሆነ። በማኅፀንና በልጅነት የተራበ አካል ለጥቂት ምግብ ተሰናድቶ ያድጋል፤ ኋላ ጥጋብ ሲመጣበት ይቸገራል። ከገጠር ችግር ወጥቶ በአንድ ሌሊት በረራ ሱፐርማርኬት ፊት የቆመ ሰው የዚህ ምሳሌ ነው።

ሌላው ማብራሪያ ደግሞ ከራሷ ከጎንደር ይመጣል። ፕሮፌሰር ሺታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ለብዙ ዓመት የጎንደርን ገጠር ታማሚዎች ተከታትለው በ2009 እ.ኤ.አ. ዳያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት ላይ አንድ የተዘጋ ክርክር እንዲከፈት ጠየቁ። በክሊኒኩ ኢንሱሊን የሚወስዱት ብዙዎቹ ወጣት፣ ደሃ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ፣ ከሲታ ገበሬዎች ናቸው። ስኳር ከገበያ የሚገዙት በበዓል ቢሆን ነው። ከተማው "የሀብታም በሽታ" የሚለው ነገር እነርሱን ከማረሻቸው ላይ ነጥሏቸዋል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ኢንሱሊኑ በእርጥብ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ቀጣዩን ለመውሰድ የሰዓታት መንገድ በእግር ይኬዳል። ሐኪሞቹ ምክንያቱ ያለፈ የምግብ እጥረት ሳይሆን አይቀርም የሚል ግምት ነበራቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር የሚለውን ምድብ በ1999 እ.ኤ.አ. ሰርዞት ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ባንኮክ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ምድቡን "አምስተኛው ዓይነት" ብሎ መልሶ አወቀው። ለጎንደሩ ገበሬ ይህ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። የእርሱ ሰውነት ኢንሱሊንን አይገፋም፤ የሚያመነጨው ነው ያነሰው፤ ስለዚህ እንደ ሌላው ታማሚ መጠኑ ከፍ ተደርጎ ቢሰጠው ስኳሩ በድንገት ወርዶ ሊገድለው ይችላል፤ በተለይም ቤቱ ውስጥ በሰዓቱ የሚበላ ነገር ከጠፋ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈው "ክብደትዎን ይቀንሱ" የሚል ምክርም አይሠራለትም። ሐኪሙ የሚያዝለት ተቃራኒውን ነው፦ ፕሮቲን፣ በቂ ምግብ፣ ክብደት መጨመር።